የሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌዎች

ወይዘሮ ሀብትነሽ ስልክ ማንሳት እንጂ መዝጋት አይሆንላቸውም። ወሬያቸውን ሲጨርሱ "በል ደህና ዋል" ይሉና ስልኩን እንደተከፈተ ቡፌው ላይ ወይም ምድጃው ጥግ አስቀምጠው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ልጆቻቸው ይህን አመል ስለሚያውቁ ቀድመው ይዘጋሉ። አማቻቸው ልዑልቃል ግን የዚያን ሐሙስ ጠዋት ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሰክቶ፣ በሁለት እጁ ለትንሿ ልጁ ለልደት ካልሲ እያጠለቀላት ስለነበር ሳይዘጋው ቀረ። የደወለው ከሰዓት ሲመጣ ምን ይዞ እንዲመጣ ለመጠየቅ ነው። ሎሚና አንድ ካርቶን ውሃ ታዝዞ፣ ደህና ዋል ተብሎ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የአማቱ ድምፅ ራቅ ብሎ፣ ማለዳ ብቅ ያሉትን ጎረቤታቸውን አጸደን ሲያዋራ የሰማው።

"የጦቢያ ባልማ ይኖራል፤ መቼ ከቤት ጠፍቶ ያውቃል? ጭንቁ፣ ሥራው ምንድነው ቢሉኝ ምን ልበል ነው። ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፣ ከሰዓት ከሰዓት ሽንኩርት ይከትፍልኛል ልበላቸው? በሥራ አስኪያጅነት እናሳልፈዋለን እንጂ! ቢሮው ድረስ ሄደው አያዩት።"

"አባዬ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ሆነ እኮ" አለችው ልደት።

ልዑልቃል ካልሲውን አወለቀና እንደገና አጠለቀላት። ቶሎ የሚከፋ ሰው አይደለም። የሰፈሩ ወሬ ጆሮውን ካደነደነው ቆይቷል። የሕንፃ ንድፍ ከሚሠራበት ድርጅት አለቃ ፊት ቀርቦ በገዛ ፈቃዱ ግማሽ ቀንና ግማሽ ደሞዝ የጠየቀ ጊዜ፣ አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው "ምነው፣ ታመሃል እንዴ?" ነበር ያሉት። ጎረቤት ደግሞ የየራሱን ምክንያት አበጀለት። አንዱ ዲቪ ደርሶት ነው አለ፣ ሌላው ተባርሮ ለሚስቱ መንገር አፍሮ ነው አለ፣ ሦስተኛዋ ጎረቤት ደግሞ፣ ሚስቱ አስነክታው ነው አለች። ልጁን ራሱ ማሳደግ፣ ራቱን ራሱ መሥራት ይወድ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ ስቆ አሳልፎታል። የዚያን ጠዋት ግን ከፋው፤ ምክንያቱም ያ ሽንኩርት ትናንት ከሰዓት ዓይኑ እስኪጠፋ የከተፈው የእሳቸው ሽንኩርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱን የጦቢያን ታናሽ፣ ልዩን፣ ለማጨት በዚያ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ በእሁድ ነው ወጉ። አጪው ኢብሳ ግን የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኖ እሁድ እሁድም ሳይት ስለሚውል፣ ሽማግሌዎቹን በመኪናው ማድረስ የሚችለው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ሆነ። "በሥራ ቀን ሽማግሌ ምን የሚሉት ነው!" ብለው ወይዘሮ ሀብትነሽ አንድ ሳምንት ሙሉ አጉረመረሙ። እውነትም ችግር አመጣ። ሽማግሌ ሲገባ የልጅቷ አባት ብቻውን አይቀመጥም፤ ግራና ቀኙ ወንድ ያስፈልገዋል። የቤቱ ወንድ ልጅ ኢያቄም፣ የቤቱ ኩራት፣ ባንክ ውስጥ ትልቅ ወንበር ላይ ነው፤ እሞክራለሁ ብሏል። አጎቶች ሥራ ናቸው። የአክስት ልጆች ሥራ ናቸው። በዚያች ከተማ ሐሙስ በአሥር ሰዓት ማንንም ሳያስፈቅድ መቀመጥ የሚችል ዘመድ ቢፈለግ የተገኘው አንድ ልዑልቃል ብቻ ነው። በሌላው ጎን የሚቀመጡት ጡረተኛው ጎረቤት አቶ ሀይሉ ናቸው።

ቢሮው ካዛንቺስ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የአንድ ክሊኒክ ደረጃ ሲያስተካክል ዋለ። ደረጃው እንቢ አለው፤ ሁልጊዜ አንድ እርከን ይተርፈዋል። እረፍት ላይ ጦቢያ ከሜክሲኮ ደወለች። እሷ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ስትደውል ከኋላዋ ሁልጊዜ ሰው ይጣራል።

"ልዑል፣ እናቴ የሆነ ነገር ልትልህ ነው። ማለቴ... ለዛሬ ብቻ እሺ በላት፣ በቃ። ለልዩ ስትል።"

"ሥራ አስኪያጅ ነኝ ልበል?"

"ሰማህ እንዴ?"

"ስልኩ ሳይዘጋ።"

"እኔን ደስ ብሎኝ መሰለህ? ግን ሰዎቹን አናውቃቸውም። ሥራ ፈት አማች አስቀምጠው የሚቀልቡ ናቸው ቢሉና የልዩ ነገር ቢበላሽ፣ እናቴ ዕድሜ ልኳን አንተን ነው የምትከሰው።"

"እሺ" አላት። እሺ ማለት ለእሱ ቀላል ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ደረጃውን ሦስት ጊዜ ሰርዞ ሦስት ጊዜ ሠራው። ሚስቱ ስለ እሱ አፍራ አታውቅም፤ እንዲያውም በሥራ ባልደረቦቿ ፊት ሆን ብላ ታነሳዋለች። ዛሬ የተሸነፈችው ለእናቷ ነው። እሱም አውቆታል፤ ማወቁ ግን ሆዱን አላሻረለትም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቦርሳውን ሲያነሳ ከጎኑ የሚሠራው ወጣት እንደ ልማዱ "ጌታው፣ ለእኔም አንዲት ባለሥራ ሚስት ፈልግልኝ" አለው። እንደ ልማዱ ሳቀና ወጣ።

የካዛንቺስ መንገድ ሰፍቷል። ድሮ ጠላ ቤቱና ልብስ ሰፊዎቹ የነበሩበት ጎን አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ገና ጥላ ያልያዙ ችግኞች፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። ልዑልቃል ሎሚ ሲጠይቅ ኪሎው መቶ ሰማንያ ብር ተባለ፤ ተከራክሮ ሃያ ብር አስቀነሰ፤ ሻጯ "አንተማ እንደ ሴት ነው የምትከራከረው" አለችው። ቂርቆስ ወዳለው መዋዕለ ሕፃናት ሲደርስ በሩ ላይ እናቶችና ሞግዚቶች ተሰብስበዋል። መጀመሪያ አካባቢ ሲያዩት ፀጥ ይሉ ነበር። አሁን የልጃቸውን ሳል የሚያማክሩት፣ ጥበቃው በሩን ከፍቶ ሳይጨርስ "ልዑል፣ የእኔንም ያዝልኝ" የሚሉት እሱን ነው። ልደት በግራ እጇ የእሱን ጣት፣ በቀኟ ግማሽ የቀረ ብስኩት ይዛ፣ ስለ አንዲት ልጅ ጥርስ መውለቅ እያወራች፣ እሱ ካርቶኑን ውሃ ትከሻው ላይ አድርጎ የአማቶቹ ግቢ ደረሱ።

ግቢው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ አሮጌ ቤት ነው። ሳሎኑ የዚያን ቀን አይታወቅም። ሶፋው አዲስ ዳንቴል ለብሷል። ከዓመት ዓመት የማይነካው የቡፌው ብርጭቆ ታጥቦ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ኢያቄም በጥቁር ካባ፣ ልዩ በጥቁር ካባ፣ ጦቢያ በጥቁር ካባ ተሰልፈዋል። የልዑልቃልና የጦቢያ የሠርግ ፎቶ ከቡፌው ጀርባ፣ መብራቱ በማይደርስበት ጎን ነው። እሱ ራሱ ያንን ሚስማር ሲመታ ልብ አላለውም ነበር፤ ዛሬ ልብ አለው።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ጓዳ ውስጥ ድስቱ ላይ አቀርቅረዋል። ትናንት የከተፈው ሽንኩርት ቁሌት ሆኖ፣ ሁለት ሺህ ብር የተገዛችው ዶሮ በየብልቷ ገብታለች። "ና እስቲ ነጭ ሽንኩርቱን ላጥልኝ፣ ለሰላጣም ሁለት ራስ ቀይ ክተፍ" አሉት። ቀና ብለው ግን አላዩትም። እየላጠ ሳለ በጭልፋ ብልቶቹን እያገላበጡ ቆጠሩ። "ፈረሰኛው ለትልቁ ሽማግሌ። ፍርምባው ለሌላኛው። ኢያቄም ከደረሰ እግሩን እሰጠዋለሁ።" ፈረሰኛ በዚያ ቤት የአባወራው ናት፤ አባወራው ጥርሱ ከከዳው ወዲህ ደግሞ የኢያቄም ሆናለች። ልዑልቃል አማች ሆኖ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የሚደርሰው ክንፍ ነው። ክንፍ አይጠላም።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አማቱን ሊላጭ ግቢ ወጣ። አቶ ኃይለገብርኤል እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ምላጭ መያዝ አይችሉም፤ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ሄዶ በሰው ፊት መንቀጥቀጥ ደግሞ ሞታቸው ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ፍሬ መስጠት ካቆመው የሎሚ ዛፍ ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ላይ ይሰጡታል። በዚያን ሰዓት ሁለቱም አያወሩም። አማትና አማች ለወሬ ብዙ ነገር የላቸውም፤ ለዝምታ ግን በደንብ ተስማምተዋል። አረፋውን ቀባቸው። ከጉንጫቸው ጀምሮ ወደ አገጫቸው ሲወርድ ወይዘሮ ሀብትነሽ በአንድ እጃቸው ከረባት ይዘው ከቤት ወጡ። ከረባቱ የኢያቄም ነው፤ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ አለው።

"ልዑልቃል፣ እንግዲህ አትቀየመኝ" አሉ፤ "ሥራህን ከጠየቁህ ሥራ አስኪያጅ ነኝ በል። ውሸትም አይደለም፣ ቤትህን ታስተዳድር የለ!" በራሳቸው ቀልድ ትንሽ ፈገግ አሉና መልሰው ኮስተር አሉ። "ወንድ ልጅ ግማሽ ቀን ቤት ይውላል ብሎ ለባዳ መንገር ይከብዳል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይሉናል። እስቲ አባታቸውን እይ! ልዩ ስትወለድ ጎሬ፣ መንገድ ሥራ ላይ ነበሩ። ስድስት ወር ሙሉ ዓይኗን አላዩትም። አንድ ቀን አጉረምርሜ አውቃለሁ? ሥራ ነዋ! ወንድ እንዲህ ነው።"

አቶ ኃይለገብርኤል አፋቸው ዙሪያ አረፋ ስለነበር አልመለሱም። ዓይናቸው ግን ከሚስታቸው ላይ ወርዶ የሎሚው ሥር አረፈ፤ ልዑልቃል በምላጩ አንገታቸው ሥር ያለውን ጨረሰ። "እሺ እማማ" አለ ልዑልቃል። ከረባቱን ተቀበለ። በመኪና መስታወት ስባሪ እያየ አሰረው። ያምርበታል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ደጅ መኪና ቆመ፤ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ መኪናው ተመልሶ ሄደ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ዋናው አቶ መርጋ ረዘም ያሉ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ባርኔጣቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ተናጋሪ ናቸው። ሦስተኛው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገሩም። ኢያቄም አልመጣም። "ስብሰባው አላለቀም፣ ሶሪ" የሚል መልእክት ለልዩ ልኳል። ልዩ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋለች። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ የተቀበላቸው ልዑልቃል ነው፤ አቶ መርጋ እጁን ጨብጠው ትንሽ ሲያቆዩት፣ ሽንኩርቱ እጁ ላይ እንዳለ ትዝ አለው።

"ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ኑ ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አሉ አቶ ኃይለገብርኤል።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ቁጭ ብላችሁም ይሰማል፤ እግር ይደክማል።"

ይህ ክርክር ለወጉ ያህል ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ተቀመጡ። አቶ መርጋ ለልጃቸው ለኢብሳ ብለው ደጅ ሊጠኑ መምጣታቸውን፣ ሁለቱ መዋደዳቸውን፣ የወላጅ ምርቃት ብቻ እንደቀረ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። አቶ ኃይለገብርኤል ሰዎቻቸውን አስተዋወቁ። "አቶ ሀይሉ፣ የእድራችን ሰብሳቢ። ይህ ደግሞ ልዑልቃል፣ የትልቋ ልጄ ባል።" እዚያ ላይ አቆሙ። መጋረጃው ጀርባ አንድ ትንሽ ሳል ተሰማ።

"የልጁ ሥራ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁ አቶ ሀይሉ፤ አንድ ሰው መጠየቅ ስላለበት።

ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ የጠበቁት ይህንን ነው። "ሥራማ ኢብሳን አትጠይቁን! አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ማታ ይገባል። ቅዳሜ የለ፣ እሁድ የለ። በዓል ቀን እንኳ ስልኩ አያርፍም። ዛሬም እኛን በር ላይ አድርሶ፣ አንድ ደቂቃ ሳይቆም ወደ ሳይት ተመልሷል። ሥራ ፈት አላመጣንባችሁም!" ከዚያ ወደ ልዑልቃል ዞረው በአድናቆት ከረባቱን አዩት። "አንተም እንደ እሱ ሥራ ላይ የምትውል ሰው ሆነህ ሳለ ለእኛ ብለህ ቢሮህን ጥለህ መጥተሃል። ተባረክ። ሥራህ ምን ላይ ነው ልጄ?"

ልዑልቃል መልሱን አዘጋጅቶት ነበር። ከረባቱ ራሱ ሊመልስለት ምንም አልቀረውም። ምስጋናው ግን አላስቻለውም። ምንም ጥሎ አልመጣም። ሐሙስ ከሰዓት ቦታው እዚህ ነው፤ ከአማቱ ጎን፣ ልጁ በሚቀጥለው ክፍል ተኝታ፣ እጁ ሽንኩርት እየሸተተ። ቀና ሲል አቶ ኃይለገብርኤል አገጭ ላይ ምላጩ የሳታት አንዲት ነጭ ፀጉር አየ።

"የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ" አለ። "እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምሠራው። ከዚያ በኋላ ቤት ነኝ። ልጄን ከትምህርት ቤት አወጣለሁ፣ ራት እሠራለሁ።"

ጓዳ ውስጥ ጭልፋ ወደቀ። ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ የሰሙትን ለማመን አቶ ኃይለገብርኤልንና አቶ ሀይሉን ተራ በተራ አዩ። "ሥራ ቀዝቅዞ ነው?" አሉ፤ በሐዘኔታ ነው ያሉት።

"የለም፣ ሥራው ሞልቷል። ግማሹን የፈለግሁት እኔ ነኝ።"

የመንገዱ ድምፅ ይሰማል፤ የቂርቆስ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። ልዑልቃል ፊቱ ጋለ፤ የልዩን ነገር አበላሸሁት ብሎ አሰበ፤ ጦቢያ ማታ የምትለውን፣ አማቱ ዕድሜ ልክ የሚሉትን አሰበ። የተናገረውን ግን መልሶ ሊውጠው አልፈለገም። ቀድመው አፋቸውን የከፈቱት ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የማይሰሙት አቶ ኃይለገብርኤል ናቸው።

"አቶ መርጋ፣ ልጁ ሥራ ወዳድ መሆኑን ሰማሁ፤ ደስ ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ይህች ልጅ ስትወለድ ጎሬ ነበርኩ። ሚስቴ እስከ ዛሬ ድረስ በኩራት ታወራዋለች።" እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በሌላኛው እጃቸው ያዙት። "በስድስት ወሯ መጥቼ ሳነሳት አለቀሰች። ባዳ መስያት። ለበረሃው፣ ለአቧራው፣ ለወባው ሁሉ አበል ተከፍሎኛል። ለዚያች ለቅሶ ግን የከፈለኝ የለም። ሰው ሥራው ምንድነው ብሎ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጃችሁ ስንት ሰዓት ቤቱ ይገባል?"

ባለ ባርኔጣው መልሱን ቀድመው ራሳቸው ተናግረውታል።

"ፊቴን የሚላጨኝ ይህ ልጅ ነው" ብለው አቶ ኃይለገብርኤል ቀጠሉ፤ ልዑልቃልን ግን አላዩትም። "ሁለተኛው አማቼም ይላጨኝ አልልም። የልጄን ፊት በቀን ብርሃን እንዲያየው ብቻ ነው የምፈልገው። እሁድ ኑ። እሱ ራሱ ያምጣችሁ። እስክንጨርስ ድረስ ደጅ ይጠብቅ። ከጠበቀ ልጅቷ የእናንተ ናት።"

አቶ መርጋ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢፈለግ አልነበረም። "ቀጠሮውን ተቀብለናል" አሉ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ትሪ ይዘው ከመጋረጃው ወጥተው "እህል ሳትቀምሱማ አትሄዱም!" ብለው ቢለማመጡም፣ ሽማግሌ መልሱን ሳያገኝ አይቀምስምና ተነሱ። ሁለት ቀን የተለፋበት ዶሮ ወጥ እንደተከደነ ቀረ። የወይዘሮዋን ፊት ያየ ሰው የተሰረዘው ሠርጉ ራሱ ነበር ሊል ይችላል።

ያመጣቸው መኪና ስለሌለ ልዑልቃል በስልኩ ታክሲ ጠራላቸውና እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ሁለቱ ቀደም ብለው ሲሄዱ አቶ መርጋ ወደ ኋላ ቀሩ። "እጅህ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ገና ስጨብጥህ ጠርጥሬ ነበር" አሉት። ልዑልቃል ሳቀ። "እኔ ልጆቼን ያወቅኋቸው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው" አሉ ሽማግሌው፤ "ያን ጊዜ ደግሞ እነሱ ጊዜ አጡ።" ታክሲው መጣ። በሩን ከፈተላቸው፤ ከመግባታቸው በፊት ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሲመለስ ልዩ የሎሚው ዛፍ ሥር፣ አባቷ በሚላጩበት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ልትጮህበት ነው ብሎ ጠበቀ።

"ጥያቄው የእኔ ነበር" አለችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ ልጠይቀው ፈልጌ፣ ሥራውን አልወድልህም ያልኩት ይመስለዋል እያልኩ ዋጥኩት። አባዬ ጠየቀልኝ።" ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው። ኢብሳ የጻፈው አጭር ነው፦ *እሁድ አስፈቅጃለሁ። ስንት ሰዓት ልምጣ?* ልዑልቃል ሁለቴ አነበበው። "ቀድሞ ይምጣ በይው፤ እዚህ ደጅ ፀሐይ የለም፣ ጥላ ነው" አላት። ልዩ እየሳቀች አለቀሰች።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን አልሳቁም። ጓዳ ገብተው ዕቃ ያጥባሉ፤ ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ይሰማል። ልዑልቃል ከረባቱን ፈትቶ አጥፎ ሰጣቸው። ተቀበሉትና ትንሽ አዩት። "ለአንተ ምን ያደርግልሃል" አሉ። ስድብ ይሁን ምርቃት ለመለየት ጊዜ አልሰጡትም፤ ትልቁን ምሳ ዕቃ በፌስታል አስረው እጁ ላይ ጣሉለት። "ሽማግሌ ያልበላውን እናንተ ብሉት። ጦቢያ ደክሟት ነው የምትገባው።" ልደትን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት፣ አዘላት፣ ወጡ።

ካዛንቺስ የተከራዩት ቤት ሁለት ክፍል ነው። ጦቢያ ስትገባ ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ ሳትቀመጥ "እሺ፣ ንገረኝ" አለች። የሆነውን ሁሉ ነገራት። የአባቷ ንግግር ላይ ሲደርስ አቋረጠችውና እንደገና እንዲነግራት ጠየቀችው። ከዚያ "ጠዋት እሺ በላት ማለቴ..." ብላ ጀመረች።

"ይሁን፤ ተነግሮ አልቋል" አላት።

"አላለቀም። ሁለተኛ ማንም ሥራ አስኪያጅ አይልህም። እኔም ጭምር።" ይህን ብላ ምሳ ዕቃውን ድስት ላይ ልትገለብጥ ክዳኑን ከፈተች። ሹካ አንስታ አንዱን ብልት ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ እንደገና መለሰችው። "ልዑል፣ ይህን ያወጣው ማን ነው?"

"እናትሽ በእጃቸው።"

"ፈረሰኛ ናት እኮ።"

ልዑልቃል መጥቶ አየ። ፈረሰኛዋ ናት፤ ከላይ፣ ከእንቁላሎቹ መካከል፣ ሆን ተብላ ተቀምጣለች። ጎኗ ላይ አንድም ክንፍ የለም። ስልኩን አነሳና ደወለ። "እማማ፣ ደህና ገባን። እጅዎ ይባረክ።" ወይዘሮ ሀብትነሽ ስለ ዶሮው ምንም አላሉም። "ሳይቀዘቅዝ ብሉት። እሁድ ስትመጣ ቲማቲም ያዝ፤ እዚህ እሳት ሆኗል። በል ደህና እደር" አሉ። ስልኩ አልተዘጋም። አንድ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ድምፃቸው ራቅ ብሎ መጣ። "አጸደ፣ ቁጭ በይማ፣ ልንገርሽ። ዛሬ የእኛ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው..."

"ምን አለች? ምን አለች?" አለች ጦቢያ ጆሮዋን ልታስጠጋ እየመጣች።

ልዑልቃል ቀዩን ምልክት ተጭኖ ስልኩን ዘጋ። "ኑ እንብላ" አለ፤ "ፈረሰኛዋ ትቀዘቅዛለች።"